የተጠቀለለው መጫኛ

«ፍሬን አትርገጥ!» እያልኩ የምጮኸው ጩኸት ከመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛው አጥር ውጭ ድረስ እንደሚሰማ ሰዎች ይነግሩኛል። ይሰማ! እኔ ለስለስ ብዬ ማስተማር አልችልበትም። ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምቱ ሲገባ ለሚመጣልኝ ሰልጣኝ ሁሉ የማቀርባት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። የመኪናው ኋላ ወደ ግራ ሸርተት ቢልብህ መሪውን ወዴት ታዞራለህ? አብዛኛው ሳያስብ «ወደ ቀኝ» ይላል። ሰው ነዋ፣ ከፈራው ነገር ይሸሻል። «አይደለም! ወደ ግራ ነው። ወደሚንሸራተትበት። ገደልም ቢሆን!» እላለሁ። እግርህን ከነዳጁ ታነሳለህ፣ ፍሬኑን እርሳው፣ ኋላው ወደሄደበት መሪውን ትሰጠዋለህ፣ ጎማው መሬት ሲቆነጥጥ ቀስ አድርገህ ትመልሳለህ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ባለፈው ክረምት አንዲት አስተማሪ ልትሰለጥን መጥታ ይህንኑ ስነግራት፣ «ለመሆኑ በእርስዎ ደርሶብዎት ያውቃል?» አለችኝ። «አንድ ጊዜ» አልኳት። «እና እንደሚሉት አደረጉ?» አለች። «አደረግሁ» ብዬ የዚያን ቀን ትምህርት አቋርጬ ወጣሁ። ቸኩዬ መስሏት ይሆናል። ለሷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ለማንም አልነገርኩትምና ከብዶኛል።

ጊዜው ሞባይል ገጠር ያልገባበት ነው። እኔ ገና ሰላሳ አልሞላኝም፤ ማርቆስ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ላንድክሩዘር እነዳለሁ። ቤተሰቦቼ ከይጁቤ ወዲያ፣ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ያርሳሉ። እናታችን ቀደም ብላ ሞታለች። አባቴና ታላቅ ወንድሜ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ አስኳላ የገባሁት እሱ ከብቱንም እርሻውንም «እኔ እበቃለሁ፣ እሱን ልቀቀው» ብሎ አባቴን ስለለመነልኝ ነው። ይህን ማንም እንዲረሳብኝ አልፈልግም።

በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የጎረቤታችን ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሌሊት ተነስቶ በእግሩ የመጣ ነው። «አባትህ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል» አለኝ። «ሁለት ቀኑ ነው፣ ነፋስ እንኳ አልወጣውም። ወንድምህ ቶሎ ድረስ ብሎሃል።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በኛ አገር አንጀት የሚጠማዘዝበት ወንድ ብዙ ነው፤ ስንቱን ጎረምሳና ስንቱን ሽማግሌ ቀብረናል። ሆስፒታል የደረሰ ተቀዶ ይድናል። ያልደረሰ ሦስተኛውን ቀን አያልፍም። አባቴ ሁለቱን ቀን ጨርሷል። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ «መኪናውን ስጠኝ፣ ካልሰጠኸኝም ይዤው እሄዳለሁ» አልኩት። እንዲህ ነው የተናገርኩት፣ እንዴት እንዳላባረረኝ አላውቅም። ቁልፉን አንስቶ ሰጠኝ።

እስከ ይጁቤ ኮረኮንች ነው፣ ችግር የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው የበጋ መንገድ ነው፤ ክረምት ላይ መኪና የሚባል ነገር አይሞክረውም። ዕድሌ ሆኖ ከቀዳሚው ቀን ጀምሮ ዝናቡ ጋብ ብሎ ስለነበር መስክ ለመስክ እየቆረጥኩ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ያለውን ሽንጣም ቁልቁለት በአግድም አቋርጬ፣ ሰዎቹ አባቴን በቃሬዛ ተሸክመው እስከሚጠብቁኝ ድረስ ገባሁ። አባቴ ፊቱ አመድ መስሏል። «መጣህልኝ?» አለኝ። «መጥቻለሁ አባባ፣ አይዞህ» አልኩት። ሆዱን ስነካው ድንጋይ ነው። በውስጤ ተስፋ ቆረጥኩ፣ በአፌ ግን ሰዎቹን «ቶሎ በሉ እንጂ! ምን ትገተራላችሁ!» እያልኩ እሳደባለሁ። ስፈራ ስድብ ይቀናኛል።

እሱን ከኋላ አስተኝተን፣ የንስሐ አባቱ ቄስ አጠገቡ ተቀምጠው፣ በሩን ስንዘጋ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ አይደለም፣ ውኃ በእንስራ ነው የተደፋብን። አገሩ መረሬ ነው። ጥቁር አፈር ደረቅ ሲሆን ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ያ ስመጣ በቀላሉ ያቋረጥኩት ቁልቁለት ይጠብቀኛል። ስመለስ በቀኜ ዳገቱ ነው፣ በግራዬ ደግሞ መሬቱ እያጋደለ ይወርድና ወንዙ ላይ በገደል ይቆረጣል። ርዝመቱ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እሷን ካለፍኩ ሜዳ ነው፤ እሷን ካላለፍኩ አባቴ እዚያው መስክ ላይ ይሞታል።

«በመጫኛ እንያዘው» አለ ጋሼ።

መጫኛ ማለት ከበሬ ቆዳ የሚሠራ ረጅም ጠፍር ነው፤ እህል በአህያ የምንጭንበት፣ በሬ ገደል ሲገባ የምናወጣበት። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። መጫኛውን ከኋላ በቀኝ በኩል ካለው ብረት ላይ አሰርን። ሰዎቹ ከዳገቱ በኩል ሆነው ከመኪናው ጋር እየሄዱ ኋላውን ወደ ላይ ይዘው እንዳይወርድ ያደርጋሉ። ስምንት ሆነው ተሰለፉ። ጋሼ ከሁሉም ፊት፣ ለመኪናው ቅርብ የሆነውን ቦታ ያዘ።

እኔ ከመኪናው ወርጄ ሁሉንም ተቆጥቼ ተናገርኳቸው። «መኪና በሬ አይደለም! እጁ ላይ የሚጠቀልል እንዳይኖር! ልቀቁ ብዬ ስጮህ ያኔውኑ ልቀቁ!» አልኩ። እሺ አሉ፤ አንዱ እንዲያውም ሳቀብኝ።

ይህን ለከተማ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። እኛ ጋ ገመድ የሚያዝበት አንድ መንገድ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ቡጢህ ላይ ትጠቀልለዋለህ፣ ተረከዝህን መሬት ታስነክሳለህ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ይምጣ። ሳይጠቀልል የሚይዝ ሰው ካለ ነገሩ ሲከፋ ጥሎ ለመሮጥ ያሰበ ነው ተብሎ ይታያል። የጎረቤት በሬ ሲወጣ እንኳ እንደዚያ የያዘን ሰው ለዓመት ያህል ያሾፉበታል። እንግዲህ የሚወጣው የገዛ አባቱ የሆነ፣ የበኩር ልጅ፣ ስምንት ሰው እያየው መጫኛውን ለቀቅ አድርጎ ይይዛል? ይህን ማሰብ ነበረብኝ። እጆቻቸውን አንድ በአንድ ሳላይ መሪ መጨበጥ አልነበረብኝም። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፣ አላውቅም ብል ውሸት ነው።

አራቱም ጎማ እንዲጎትት አድርጌ በአንደኛ ማርሽ ገባሁ። እስከ ግማሹ ድረስ ተአምር ነው፣ መኪናው እንደ ኤሊ ይሄዳል። ከኋላ ቄሱ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፣ አባቴ ያቃስታል። ከዚያ፣ ከበታቻችን በወንዙ በኩል አንዲት የኮሶ ዛፍ ካለችበት ፈንጠር ብለን እንደደረስን፣ ኋላው ከሥሬ ሲሄድ ታወቀኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ዓይን ከማየቱ በፊት መቀመጫህ ይነግርሃል። ወደ ግራ፣ ወደ ወንዙ፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቀስ ሳይል።

«ልቀቁ! ልቀቁ!» ብዬ ጮኽኩ።

ጮኼ በቀኙ ስፖኪዮ አየሁ። የማስታውሰው ይህንን ነው። ስንት ጊዜ ሆነ ቢሉኝ አንድ ትንፋሽ አይሞላም፣ ግን ሁሉንም አይቻለሁ። ሰዎቹ መጫኛውን እየጣሉ ሲወድቁ አየሁ። ጋሼ አልጣለም። ተረከዙ ጭቃውን እያረሰ ይጎተታል። ቀኝ እጁ ላይ መጫኛው ተጠቅልሏል፣ ጥቁር ጠፍር በእርጥብ እጅ ላይ፣ ቁልጭ ብሎ። ቀና ብሎ መስታወቱን ያያል። ዓይን ለዓይን ገጠምን።

መሪውን ወደ ግራ ብሰጠው የመኪናው ፊት ወደ ወንዙ ይዞራል፣ ኋላው ይከተለዋል፣ ይቃናል። መጫኛውም የጋሼን እጅ ይዞ ይመነጨቃል። ባልሰጠው መኪናው በጎኑ ይሄዳል፣ ከዚያ ይገለበጣል፣ አባቴና ቄሱ ውስጡ ናቸው። ምናልባት ኮሶዋ ትይዘን ነበር። ምናልባትም አትይዘንም። ስንት ዓመት ያቺን ዛፍ እያሰብኩ ተኝቻለሁ።

ወደ ግራ ሰጠሁት።

መኪናው አፍንጫውን ወደ ወንዙ ደፍቶ ወረደ። ፍሬን አልነካሁም። አሥር እርምጃ ያህል እንደወረድን የፊት ጎማው የሣር ሥር ቆነጠጠ፤ በእጄ ተሰማኝ። ቀስ አድርጌ መለስኩት፣ ነዳጅ ሰጠሁት፣ እያጉረመረመ ወደ ሜዳው ወጣ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። «እሰይ!» ብዬ መሪውን በጥፊ መታሁት። ያ «እሰይ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ቄሱ ከኋላ «ድንግል ናት! ድንግል ናት መሪውን የያዘችው!» እያሉ እልል ማለት ጀመሩ። ያኔ ነው የውጭውን ጩኸት የሰማሁት።

ሮጬ ስደርስ ጋሼ በደረቱ ተኝቶ ነበር። እስከ ሜዳው ጫፍ ድረስ ተጎትቷል። ፊቱ ጭቃ ብቻ ስለሆነ የሚታየው ዓይኑ ነው። መጫኛው በእጁ ላይ ጠብቆ ሥጋውን ገፎታል፣ ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል። አንዱ ካራ አውጥቶ ጠፍሩን ቆረጠው። ጋሼ አልጮኸም፤ የጮኹት ሌሎቹ ናቸው። እኔ «አትጠቅልሉ ብያለሁ! አላልኩም? አላልኩም ወይ?» እያልኩ በሰዎቹ ላይ እጮሃለሁ።

እጁን በኩታ ጠቅልለን ከጎኔ አስቀመጥኩት። አባቴ ከኋላ «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» ይላል። «ምንም አይደለም አባባ፣ ወድቄ ነው» አለው ጋሼ። ይጁቤን አልፈን ኮረኮንቹ ላይ ስንወጣ ወደኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቴ እንዳይሰማ፣ «አይተኸኝ ነበር?» አለኝ።

«የት አይቼህ! ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው እንጂ» አልኩት።

የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አባቴ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀደደ። ሐኪሙ ወጥቶ «ትንሽ ቢዘገይ አንጀቱ ሞቶ ነበር፣ ደርሰህለታል» አለኝ። በማግሥቱ የጋሼን እጅ ከአንጓው ላይ ቆረጡት። ሁለቱን አንድ ክፍል ጎን ለጎን አስተኟቸው። አባቴ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው የልጁን ክንድ ነው፣ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ፣ አጭር። ጋሼ ሳቅ ለማለት ሞከረ። አባቴ «በኔ ሆድ ነው? በኔ ሆድ የልጄ እጅ ሄደ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተሰፋ ሆድ ይዞ ማልቀስ እንዴት እንደሚያም ያኔ አየሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለኔ ከሁሉ የከፋው ነው። መንደሩ ጀግና አደረገኝ። ማኅበር ላይ፣ ዝክር ላይ፣ ሠርግ ላይ ስገኝ ከላይ ያስቀምጡኛል። ቄሱ ታሪኩን ይጀምራሉ፤ መኪናው ወንዝ ሊገባ ሲል ልጁ እንዴት እንዳዞረው፣ ድንግል ማርያም እንዴት እጁ ላይ እጇን እንዳኖረች። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ጋሼ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጦ ክንዱን በኩታው ይሸፍናል። ስለ እሱ ሲነሳ «ጎበዝ ነው፣ አልለቅም ብሎ ነው» ይሉና ያልፋሉ። እኔ «በቃ ተዉን በናታችሁ!» ብዬ እቆጣለሁ። «እዩት፣ ትሕትናው!» ይላሉ። ንድድ ይለኛል፣ ተነስቼ ብወጣም ትሕትና ነው።

ጋሼ እርሻውን አልተወም። ማረስ በአንድ እጅ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ነው። እሱ እርፉን በግራው ይይዛል፣ ጅራፍ የለውም። በሬዎቹን በድምፁ ብቻ ነው የሚነዳቸው። «ሂድ! ና! ተመለስ!» ሲል ከጠዋት እስከ ማታ ከመንደሩ ማዶ ይሰማል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ድምፁ ሻከረ፣ ሦስተኛው ላይ እንደ ሽማግሌ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲያማትብ በግራ ማማተብ ነውር ሆኖበት በጉማዱ፣ በተቆረጠው ክንዱ፣ ያማትባል፤ ሕፃናት ያዩታል። በእረፍቴ መጥቼ ልረስልህ ስለው «አንተ መሪህን ያዝ» አለኝ። ስድብ ይሁን ምክር አላወቅሁም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ከዚያን ቀን ወዲያ የኔ መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ማርቆስ ጉዳይ ሲኖረው በእግሩ ይመጣል። «ግባ ላድርስህ» ስለው «መሄድ ይሻለኛል» ይላል። እውነቱን ልናገር፣ እምቢ ሲለኝ እፎይ እል ነበር። ከጎኔ ተቀምጦ ያን ጥያቄ እንዳይደግምብኝ ነበር የምፈራው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ሊሞት አካባቢ፣ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ሁለቱንም እጆቼን ስቦ ሳማቸው። «በእነዚህ እጆች ዘጠኝ ዓመት ጨመርክልኝ» አለኝ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አባቴን «ተው አባባ፣ መሳም የሚገባህ የኔን አይደለም» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

የአርባው ተዝካር ሲያልቅ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳው ሁሉ ተበታትኖ ካህናቱ ከሄዱ በኋላ ግቢው ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ጋሼ ዳሱ የታሰረበትን መጫኛ ፈትቶ ይጠቀልላል። ጫፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ጉማዱ ላይ እያጠነጠነ፣ በግራ እጁ ያጠብቀዋል። ላግዘው ቀረብኩ። «ተወው፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ጫፉን ከአፉ አወጣ።

«አባባ እያለ አልጠይቅህም ብዬ ነው የቆየሁት» አለ በዚያ በሻከረ ድምፁ። «እንዳይሰማ። ቢሰማ ኖሮ ያ የቆየው ዕድሜ መርዝ ይሆንበት ነበር። ያን ቀን በመስታወቱ አይተኸኛል።»

ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት ውሸት ነበረኝ። መንገዱ፣ ዝናቡ፣ የስፖኪዮው ጭጋግ። አንዱም አልመጣልኝም።

«አይቼሃለሁ» አልኩት። «ጋሼ፣ አይቼህ ነው ያዞርኩት። አባባ ውስጥ ነበር።»

«አውቃለሁ። አባባ ውስጥ እንደነበር አውቃለሁ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢመታኝ፣ በሆነልኝ። «እኔ የምነግርህ ሌላ ነው። ልቀቁ ስትል ሰምቼሃለሁ። ሌሎቹ ሲለቁም አይቻለሁ። ሞኝ አይደለሁም፣ ልለቅ ብዬ አንዱን ዙር ፈትቼው ነበር። የቀረኝ አንድ ዙር ነው። እጄን ብዘረጋው መጫኛው ወልቆ ይሄድ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልለቀቅክም?» አልኩት።

«ዓይንህን አየሁታ» አለኝ። «ወንድሜ ካየኝማ መሪውን አያዞረውም፣ እኔም ልያዝለት ብዬ መልሼ ጠቀለልኩት» አለና የመጫኛውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ መጠቅለሉን ቀጠለ።